የአስካለ ወተት

ልጄ ሜሮን ላም ገዝታ የጡረታ ዕረፍቴን አበላሸችብኝ። የእንስሳት ሐኪም ናት፤ የሰው ላም ማከሙ አልበቃ ብሏት ከጓደኛዋ ጋር ቃሊቲ ዳር በረት ተከራይታ የራሷን ታልባለች። መኖ ለመግዛት ስትሄድ «ቤት ተቀምጠህ ግድግዳ ከምታይ» እያለች እኔንም ከጎኗ አስቀምጣ ትወስደኛለች። ባለፈው ሳምንት የሄድንበት መኖ ቤት ከማረሚያ ቤቱ ወረድ ብሎ፣ ለእስረኛ ጠያቂዎች ሳሙናና ብስኩት ከሚሸጡት ሱቆች አጠገብ ነው። ከመኪና ወርጄ በሩ ላይ እንደ ደረስኩ ሽታው መታኝ። ፋጉሎ ነው፤ ኑግ ዘይቱ ተጨምቆ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ነገር፣ ግማሹ የተቆላ እህል ግማሹ የቆየ ቅባት የሚሸት። እግሬ እዚያው ቆመ። ሻጩ «አባት፣ ወንበር ላምጣልዎት?» አለኝ። ወንበር አልፈለግኩም። የፈለግኩት ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንደቆመ ማየት ነበር፤ ማንም እንደሌለ ስለማውቅ፣ ደግሞም በዚህ ዕድሜዬ ስላፈርኩ ተውኩት።

እኛ አቃቂ ስናድግ ይህ ሽታ የሰፈሩ ሽታ ነበር። ከባቡር ጣቢያው ማዶ የኑግ መጭመቂያ ነበረ፤ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ሽታው ከባቡሩ ጭስ ጋር ተደባልቆ በየቤቱ ይገባል፣ ነጠላ ላይ ያድራል፣ ዳቦው ሳይቀር እሱን እሱን ይላል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲጮኽ ሴቶቹ በጥቁሩ ጭቃ ላይ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይሮጣሉ። የድሬዳዋው ባቡር በመጣ ቀን ደግሞ ሰፈሩ ገበያ ነው፤ በመስኮት ብርቱካን ይወርዳል፣ እንቁላልና ቆሎ ይወጣል፣ የኮንትሮባንድ ሽቶና ጨርቅ ከሴቶች ቀሚስ ስር ይወለዳል። በስሙኒ ሁለት እጅ ሙሉ ብርቱካን ይገዛ ነበር፤ አሁን በስሙኒ ምን እንደሚገዛ የልጅ ልጆቼን ብጠይቅ ስሙኒ ምንድን ነው ይሉኛል። ከጣቢያው ጥግ ያለው ቡና ቤት ራዲዮኑን በሩ ላይ አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ ያዘፍነዋል፤ ተርጋል ሱሪያቸውን እንደ ቢላ የተኮሱ ጎረምሶች ግድግዳውን ተደግፈው ይሰማሉ። ያ ቡና ቤት ዛሬ የሲሚንቶ መሸጫ ነው። ሐዲዱም በአንዳንድ ቦታ ከአፈር በታች ነው፤ ሰው ሳያውቅ ይረግጠዋል።

አባቴ የዕቃ ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ነበር። መጨረሻው ፉርጎ ላይ ተቀምጦ እስከ አዋሽ ይወርዳል፣ ይመለሳል፣ ፊቱን ታጥቦ ሁለት ቀን ቤት ይሆናል፣ ከዚያ እንደገና ይወርዳል። ቤታችን የምድር ባቡር ቤት ነው፤ በእሱ ስም የተሰጠ፣ እሱ ከተወን የማይተርፈን። እናቴ ሦስት ሴቶች ወልዳለታለች፤ ዘነበች፣ አልማዝ፣ ከዚያም አስካለ። ጓደኞቹ «ያንተ ቤት ጣቢያ ሴት ብቻ ነው የሚወርድበት» እያሉ ያበሽቁታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ግን አዋሽ ላይ ሴት እንደ ያዘ፣ ሴትዮዋም ሆዷ እንደ ገፋ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። እናቴም ታውቃለች። ያቺ ሴት ወንድ ከወለደች ነገሩ እንዳበቃ፣ ሦስት ልጆቿን አስከትላ ከዚያ ቤት እንደምትወጣ ታውቃለች። ይህን ሁሉ የማወራው ሳልወለድ ስለነበረው ነገር ነው፤ ያወቅኩት ከብዙ አፍ እየለቀምኩ ነው፤ አብዛኛውን ደግሞ ከአክስቴ።

አክስቴ እትዬ ወርቄ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ሳሪስ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። አባቴን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ስለሆነች ቤታችን ስትገባ በሩን አታንኳኳም፤ የሸክላውን ክዳን አንስታ ምን እንደተሠራ ካላየች አትቀመጥም። አንድ ቀን አባቴ ራት ላይ የሰማውን ቀልድ አመጣ። ለሰፈሩ ወተት የሚያመጣ ኦቦ ጉተማ የሚባል የአቃቂ ሰው ነበር፤ ባቡሩ በአያቱ የሽምብራ ማሳ መሀል ለመሀል ነው ያለፈው። ለወተት ከብት ወንድ ጥጃ ኪሳራ ነው፤ ጉተማ ታዲያ ላሞቹ ሴት እንዲወልዱለት ሲፈልግ ኮርማ በሚያስጠቃቸው ሰሞን ፋጉሎውን ይከለክላቸዋል። «ላም ከጠገበች ወንድ፣ ከሳ ካለች ጊደር» ይላል። አባቴ ይህን ሲያወራ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ያልሳቀችው እትዬ ወርቄ ብቻ ናት። ጉርሻዋን ሰሐኑ ላይ መልሳ «ሚስትህ እኮ የጾም ሴት ናት» አለችው። «ሦስቱንም ከጾም በወጣ አንጀቷ ነው የፀነሰቻቸው።»

እውነትም እናቴ ጾመኛ ነበረች፤ የሁዳዴው ሳይበቃት የጽጌንም ትጾማለች። እትዬ ወርቄ ፋሲካን ጠበቀች። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ከዚያ የተሻለ ማድለቢያ ጊዜ ከየት ይገኛል? በርበሬዋን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ጋቢዋን ይዛ መጥታ ቤታችን ሰፈረች። ቡሬ የምትባል አንዲት ላም ነበረችን። የቡሬ ወተት ከዚያን ቀን ጀምሮ ለመጠጥ መሆኑ ቀረ፤ ሁሉም ይናጣል። የምትንጠው ዘነበች ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ይሆናል፤ ቅሉን አቅፋ ደጃፍ ላይ ስትወዘውዝ ነው የምትውለው። ቅቤው ለእናቴ ገንፎ፣ አይቡ ለእንግዳ፣ አሬራው ለሴት ልጆቹ። እናቴ ጠዋት ጠዋት የገንፎውን መሀል ጎድጎድ አድርገው ቅቤ የሞሉላትን ጨርሳ ካልበላች እትዬ ወርቄ ከፊቷ አትነሳም። ጥፋቱ ይኸው ነው፤ የከብት ጨዋታ ወደ ሰው ቤት ገባ። ያም ሳያንስ ተገልብጦ ገባ፤ ጉተማ ሴት ፍለጋ የሚያስርበውን፣ እኛ ቤት ወንድ ፍለጋ አጠገቡት።

አንድ እንቅፋት ግን ነበረ፤ አስካለ። ገና በቅጡ መራመድ የጀመረች፣ ጡት ያልጠገበች። የምታጠባ ሴት አትወፍርም፣ ቶሎም አትፀንስም አለች እትዬ ወርቄ፤ ደግሞስ ሴት ልጅ ብዙ ጡት ምን ያደርግላታል? ወንድ ቢሆን ሦስት ዓመት ይጠባል። የእናቴን ጡት እሬት ቀባችው። ይህንን አክስቴ በየዓመት በዓሉ ስታወራ ሰምቻለሁ፤ የምታወራው እንደ ተረት እያሳሳቀች ነው። «መጣች፣ ጎረሰች፣ ከዚያ ተፋችው። ተፋችውና አላለቀሰችም እኮ፤ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። ምን ሆነሻል የምትል ትመስላለች፤ ፊቷን ብታዩ!» ብላ በነጠላዋ አፏን ትይዛለች። እንግዳው ይስቃል። እናቴ ያን ጊዜ ሁሌ ከቤት የምትወጣበት ሥራ ታገኛለች፤ ውሃ ማፍሰስ፣ እንጨት ማየት።

ክረምቱ ሲገባ እናቴ ፀንሳለች፤ አስካለ ደግሞ ጸጉሯ እንደ በቆሎ ጭራ ቀልቷል። ጨዋታ ተወች። ሰው ባለፈ ባገደመ ቁጥር እጇን መዘርጋትም ተወች። እግሯና ፊቷ ሲያብጥ እትዬ ወርቄ «ይኸው እሷም ወፈረች» አለች አሉ። ክፉ ሴት እንዳትመስላችሁ፤ ለኔ ሁልጊዜ ከመቀነቷ ከረሜላ የምትፈታ ሴት ናት፣ ስትሞትም አልቅሻለሁ። ያመነችውን ነው ያደረገችው፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ሰው ዓይን ነው አለ፣ ጠበል ወሰዷት። መስከረም ጠብቶ፣ ልጆች አደይ ሊለቅሙ ወንዝ በወረዱበት ሰሞን አስካለ ሞተች። ቀብሯ ላይ ኦቦ ጉተማ መጥቶ ነበር። ነገሩን እዚያ ነው የሰማው። ጎልማሳ ሆኜ አንድ ቀን ጣቢያው አጥር ስር አግኝቼው ስጠይቀው ዱላውን መሬት ላይ እያሽከረከረ መለሰልኝ። «እኔ የላም ነገር ነው የተናገርኩ፣ ያ ልጄ። የላም።» ከዚያ በኋላ ላሞቹ ምን ቢወልዱ በአደባባይ አንስቶ አያውቅም ይባላል። እኔን ባየ ቁጥር ግን ወሬውን አቋርጦ፣ የገበያ ከብት እንደሚያይ ከእግር እስከ ራሴ ያየኝ ነበር።

በየካቲት ተወለድኩ፤ ወንድ። የአባቴ ጓደኛ የሆነው ባቡር ነጂ በሰፈራችን ሲያልፍ ጥሩንባውን ከድልድዩ እስከ ጣቢያው ሳያቋርጥ ነፋው ይላሉ። እናቴ ያን ድምፅ ሰምታ አለቀሰች፤ የሰማ ሁሉ የደስታ ነው አለ። ስሜን ምትኩ አለችኝ። የአዋሿ ሴትዮ ከእናቴ ቀድማ ወልዳ ነበር፤ ሴት። አባቴ ከዚያ ወዲያ አዋሽ ማደሩን ቀነሰ፣ ቤቱም ተረፈልን። እትዬ ወርቄ እስከ ዕለተ ሞቷ ጉንጬን ቆንጥጣ «በኔ ቅቤ የተሠራህ» ትለኝ ነበር። ልጅ ሳለሁ ደስ ይለኝ ነበር። ከቅቤ መሠራት የሚያኮራ ነገር ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ስለ አስካለ አንድም ቀን ቁጭ አድርጋ አልነገረችኝም። በዓመት አንዴ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ግቢ፣ ከአንድ ወይራ ስር ትወስደኝና ምልክት የሌለው መሬት እያሳየች «እህትህ ናት» ትላለች፤ በቃ። ግን ቤታችን ውስጥ አስካለ ነበረች። መደቡ ላይ ከእህቶቼ ጋር ስተኛ እናቴ ሁልጊዜ ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ ታደርገኛለች፤ በእኔና በግድግዳው መካከል የአንድ ትንሽ ልጅ ስፋት ይቀራል። ብርድ ሲሆን ወደዚያ እግሬን ዘርግቼ በፍጥነት የመለስኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ምግብ ሳስተርፍ ደግሞ እናቴ ሰሐኑን ወደ እኔ ትገፋና «ጨርስ፣ ያንተ ብቻ አይደለም» ትለኝ ነበር። ሌሎች እናቶች የሚቆጡት የሚበላው ያጣ ድሃ አለ ብለው ነው፤ የኔ እናት ግን አትቆጣም፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፣ ዓይኗም ከትከሻዬ በላይ ነው። አሥር ዓመት ሲሆነኝ ነው የአክስቴን ቀልድና ያንን የወይራ ጥላ በራሴ ያገናኘሁት። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አብሮኝ አረጀ፤ የኔ ወንድነት በእውነት በእህቴ ወተት የተገዛ ነው?

መኖ ቤቱ ውስጥ ሜሮን ፋጉሎውን በመዳፏ እየፈረፈረች፣ ጓደኛዋ የሰሞኑ ጥጆች ሁሉ ወንድ ሆኑ ብላ እንደተማረረች አጫወተችኝ። እኔም በዚህ ሁሉ ዘመን ማንንም ደፍሬ ያልጠየቅኩትን እንደ ዋዛ ጠየቅኳት። «ላም ስትጠግብ ወንድ ትወልዳለች የሚባለው እውነት ነው?» አልኳት።

ሳቀች። «አባዬ፣ ወንድ ሴት የሚያደርገው የአባት ዘር ነው እኮ።»

«እሱንስ እኔም ሰምቻለሁ። የእናት ምግብስ ምንም የለበትም?»

«ምንም የለበትም አይባልም» አለች፤ አሁን የሐኪም ፊቷን አወጣች። «በፀነሰችበት ሰሞን እናት ደልቷት ከሆነ ወደ ወንድ ትንሽ ያጋድላል የሚሉ አሉ። በአይጥም በአጋዘንም በላምም ፈትነው ይሄንኑ አየን ያሉ አሉ፤ ፈትነው ምንም አላየንም ያሉም አሉ። ወንድ ጽንስ ብዙ ፈላጊ ነው፣ እናት ስትጎዳ ቶሎ ይጨናገፋል ብለው ያስባሉ። እስካሁን ይከራከሩበታል። ደግሞ ቢያጋድልም በመንጋ ሲታይ ነው። አንዲት ላም ይዘህ ይሄ ጥጃ ወንድ የሆነው በፋጉሎው ነው ልትል አትችልም። ማንም አይችልም።»

«መቼም ቢሆን?»

«መቼም። ምነው፣ ለምን ጠየቅከኝ?»

«ለላሞቹ ነዋ» አልኳት።

መኪናው ውስጥ ገብተን ስንመለስ የልጄን መልስ አገላበጥኩት። ነገሩ እውነት ከሆነ እኔ በእህቴ ሕይወት የተገዛሁ ሰው ነኝ። ውሸት ከሆነ ደግሞ ያለ ቅቤውም ወንድ ሆኜ እወለድ ነበር፤ አስካለ በከንቱ ነው የሞተችው። የቱ እንዲሆን እንደምመርጥ ራሴን ጠየቅኩት፤ ሁለቱም አስጠሉኝ። ልጄ ደግሞ የቱ እንደሆነ መቼም አይታወቅም ብላ ቆልፋብኛለች። የሚያውቅ አንድ ሰው ቀርቶኛል፤ ዘነበች። አልማዝ ከሞተች ቆይታለች። ወተቱን የናጠችው፣ ገንፎውን ወደ እናቴ ያቀረበችው፣ አስካለን ያዘለችው ዘነበች ናት። ማን ምን እንደበላ ታውቃለች።

በማግስቱ የእናታችን ሙት ዓመት ነበር፤ ሁሌም ሳሪስ አቦ ዘነበች ቤት ነው የምናስበው። ከቅዳሴ ወጥተን እንግዳው ከተሸኘ በኋላ እኔና እሷ ብቻ ቀረን። ሰማንያን አልፋለች፤ ምላሷ ግን አልተነካም። ምሳ ስታቀርብልኝ «ጸጉርህ አልቆ ግንባርህ እስከ ማጅራትህ ደረሰ» አለችኝ። ሁለት ሰሐን አስቀመጠች፤ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለራሷ።

«እትዬ» አልኳት፣ «የዛሬን ንገሪኝ። ያን ጊዜ የቡሬን ቅቤ የበላው ማነው?»

«የቱን ጊዜ?» አላለችም። ውጪ የአቦ ደወል ተደወለ። ከዚያ እንጀራዋን እየቆረሰች፣ ዓይኗን ሳታነሳ ተናገረች። «እናታችን አልበላችውም።»

«እንዴት?»

«እትዬ ወርቄ ዞር ስትል ለአስካለ ነበር የምታጎርሳት። እኔ በር ላይ ሆኜ እጠብቅላት ነበር። ስትመለስ እስላለሁ፣ እናታችን አፏን ትጠርጋለች። አስካለ ቅቤውን በልታዋለች። ዕድሜዋ ነው ያጠረ። አንተ ከቅቤ አልተሠራህም፤ ከከሳች እናት ነው የተወለድከው። እንግዲህ ዕረፍ።»

ዐረፍኩ። እንባዬ ወጥ ላይ እንዳይወርድ ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ የተሸከምኩት ነገር ሲወርድ ትከሻዬ ላይ ተሰማኝ፤ አልዋሽም፣ እንደ ሕፃን ቀለለኝ። እናቴ ሰርቃ ስታጎርሳት ታየኝ፤ ያቺ ትንሽ ልጅ ጥግ ላይ፣ ከንፈሯ በቅቤ ረጥቦ። ርቦኝ እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ እንጀራውን ቆረስኩና ወጡ ውስጥ ነከርኩ። ቅቤው ከላይ ተንሳፍፏል፤ ዘነበች ለእንግዳ አትሰስትም። ስጎርስ ዓይኔ ሰሐኗ ላይ ወደቀ።

የእሷ ወጥ ቅቤ የለበትም። በዘይት የተሠራ ነው። ድስቱም ሌላ ነው። ይህን በሕይወቴ ሁሉ አይቼዋለሁ፤ በፋሲካ፣ በገና፣ በሠርጓ ቀን እንኳ፣ ዘነበች ቅቤ አትቀምስም። ሰው ሲጠይቃት «ጨጓራዬ አይወድልኝም» ትላለች፣ እኛም አመንናት፣ አንድም ቀን ጨጓራዋን ሲያማት ግን አላየሁም። አስካለ ቅቤውን በልታው ቢሆን ኖሮ፣ ያን ቅል አቅፋ ስትንጥ የዋለች ልጅ ቅቤን ምን አደረገኝ ብላ ይህን ያህል ዘመን ትጠላዋለች?

እጄ ሰሐኑ ላይ ቆመ። ዘነበች ምን እንዳየሁ አየች። ሰሐኗን በእንጀራ ጫፍ ሸፈን ልታደርገው ሞክራ ተወችው። ብጠይቃት እውነቱን ትነግረኝ ነበር፤ ደክሟታል፣ ውሸትም አይሆንላትም። እኔም አልጠየቅኳት። እሷም የኔን ሰሐን በሁለት እጇ ይዛ ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ፤ ዓይኗ ከትከሻዬ በላይ ነበር።

«ጨርስ» አለችኝ ቀስ ብላ፤ «ያንተ ብቻ አይደለም።»

ጨረስኩት።